ወይን ጠጇ ባርኔጣ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

አሸነፍን። ታቫሪስ ኳሷን በብብቱ ሸጉጦ ሁለቴ የመጨረሻውን መስመር አለፈ። ሁለተኛው ላይ ሦስት ጎረምሳ ተንጠልጥሎበት ነበር፤ እየጎተታቸው ገባ። ስጮህ ድምፄ ተዘጋ። ነገ መዘምራኑ መሃል አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው።

ጠዋት እንደ ወትሮው የስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ዳር፣ ትልቁ ዛፍ ሥር ድንኳናችንን ተከልን። ክሊዮፈስ ጎድኑን ጢስ ላይ ሰቅሎ፣ እኔ የድንች ሰላጣዬን ይዤ። ስንት ዓመታችን ነው? ያው ቦታ፣ ያው ሰው፣ ያው ጭቅጭቅ። የዘንድሮው ጭቅጭቅ ግን የእኔ ልጅ ታቫሪስ ነው፤ ኮሌጁን ትቶ ትልልቆቹ ክለቦች ጋ ሊሄድ ነው ይባላል።

"ገና ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ትቶን ሊሄድ?" አለ ክሊዮፈስ። "አንድ ዓመት ቢቆይ ዋንጫው የኛ ነው። ምን አስቸኮለው?"

"እግሩ ነዋ ያስቸኮለው" አለ ላቮን፣ የክሊዮፈስ ሚስት ወንድም፤ ነፍሷን ይማርና እህቱ ከሞተችም በኋላ ጎድኑን ብሎ ይመጣል። "ኳስ ይዞ የሚሮጥ ሰው ጉልበት እንደ መኪና ጎማ ነው። ትልልቆቹ ክለቦች ሲፈልጉት ይሂድ።"

"ታማኝነትስ?"

"ታማኝነት ጉልበት ይጠግናል?"

ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ሰላጣዬን ማማሰል ቀጠልኩ።

እውነቱን እዚህ ልጻፈው። እንደ ደጋፊ፣ ይቆይ እላለሁ። እንደ አክስት፣ ሳይሰበር ይሂድ እላለሁ። ማታ ማታ ብቻዋን የምትቀመጠው ኧርሊን፣ እኔው፣ ደግሞ ይቆይ ትላለች... ሁለት ለአንድ። እህቴ ከሞተች ጀምሮ፣ ከዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ኮሌጁ ለቤቴ ቅርብ ነው፤ እሑድ እሑድ መጥቶ ድስቴን ያራቁታል። እሱ ሲሄድ ለማን ነው የማበስለው?

አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ከተማው በሙሉ እጁን ይዞ ሲጎትተው እኔ ደግሞ ልጨመርበት? እሱ ይወስን። አፌን ይዣለሁ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

የምሠራበት ፖስታ ቤት ቴምብር የሚገዛ ሰው ጠፍቷል። መስኮቴ ጋ የሚመጣው ሁሉ ስለ ታቫሪስ ነው። አንዱማ አጥር ለሚጋራው ጎረቤቱ ደብዳቤ ላከ፣ እኔን ለማናገር ብሎ።

ሥጋ ሻጩ ያልጠየቅኩትን አጥንት ጨመረልኝ። ይቆይ ባይ ነው።

ፓስተሩም መጡ። "እህት ኧርሊን፣ እየጸለይን ነው።"

"ስለ ምን፣ ፓስተር?"

"የእግዚአብሔር ፈቃድ እንዲሆን ነዋ።" ደረሰኛቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። "...አንድ ዓመት እንዲቆይም።"

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1

ጨዋታው ሌላ ከተማ ነው። ሳልሄድ ቀረሁ። ሰይጣን የቮንሲል ባርኔጣ ሱቅ አስገባኝ።

ባርኔጣ! ወይን ጠጅ፣ ክንፏ ሰፊ፣ ጎኗ ላይ ሦስት ላባ። ዋጋዋም ተቀንሷል። ሳደርጋት ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ለፋሲካ ትሁነኝ አልኩ።

"ለምን ቀን ነው?" አለችኝ ቮንሲል ካርቶኑን እያሰረች።

ፋሲካ ወራት እየቀሩት ከአሁኑ ገዛሁ ማለት አሳፈረኝ። "ለትልቅ ቀን" አልኳትና ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ሰዉ ምን ሆኗል? ትናንትና ዛሬ ቴምብር ይገዛሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። ሥጋ ሻጩ ልክ በልኩ መዝኖ ሰጠኝ። አጥንት የለ፣ ሰላምታ የለ።

ማምሻውን ክሊዮፈስ ደወለ።

"ቢያንስ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ምኑን?"

"ባርኔጣውን ነዋ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጭንቅላቴ የት ሄዶ ነበር? በኖቬምበር መጨረሻ፣ ሜዳችን ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ሲሆን የሚሰናበቱት ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ሜዳ መሃል ይወጣሉ። እናት አዲስ ባርኔጣ ታደርጋለች፣ በቡድናችን ቀለም። ወይን ጠጅ። ስለዚህ እዚህ አገር በኖቬምበር ወይን ጠጅ ባርኔጣ የገዛች ሴት ልጇን ሸኝታለች ማለት ነው፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ማን ገዛ፣ ማን አልገዛ እያልኩ የሚሄደውን ከሚቆየው ስለይ የኖርኩት ደግሞ ማን ሆነና? እኔው ነኝ።

"ለፋሲካ ነው የገዛሁት፣ ክሊዮፈስ።"

"እሺ ኧርሊን" አለኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል። "እሺ፣ ለፋሲካ ነው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

ታቫሪስ ሳይመጣ ቀረ። ጥናት አለብኝ አለ። ጥናት? ከመቼ ወዲህ ነው ጥናት ከእኔ ዶሮ የበለጠበት? ግማሽ ድስት ተረፈ። ከፋኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 11

በዓል ነው፣ ፖስታ ቤት ዝግ። ባርኔጣዋን ልመልስ ሄድኩ። ቮንሲል አንድም ነገር ሳልናገር አቅፋኝ አለቀሰች። "በርቺ፣ እህቴ" አለችኝ። ባርኔጣዬን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

መጣ።

ሁለት ሳሕን በላ፤ ሦስተኛውን እምቢ አለ። ያኔ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"አክስቴ፣ ባርኔጣዋን አሳዪኝ እስቲ።"

አመጣሁለት። በእነዚያ ትልልቅ እጆቹ እንደ እንቁላል ይዞ አገላበጣት።

"ታምራለች" አለ። ቆየት ብሎም፣ "እኔ እኮ ልቆይ ወስኜ ነበር።"

ልቤ ዘለለች። የማነበው እኔው ነኝ፣ ለምን እዋሻለሁ? በደስታ ዘለለች።

"ታዲያ ምን ተገኘ?"

"ባርኔጣ ገዛሽ። ሰው ነገረኝ። አንቺ በአፍሽ አትናገሪም፣ አውቅሻለሁ። 'ሂድ' እያለችኝ ነው አልኩ። ባለፈው እሑድ አልመጣም ያልኩትም... ከፍቶኝ ነው። ነገ አሠልጣኙ ጋ ገብቼ ልነግረው ነው።"

"ታቫሪስ፣ ለፋሲካ ነው የገዛኋት።"

"ለፋሲካ?"

"ዋጋዋ ተቀንሶ!"

አየኝ። አየሁት። ከዚያ ሳቅ ጀመርን፤ እሱ ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ እኔ በሽርጤ ዓይኔን እየጠረግኩ። እንዲህ ከሳቅን ቆይተናል። ሳቁ ሲያልቅ ባርኔጣዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

"እሺ፣ አሁን በአፍሽ ንገሪኝ" አለኝ። "ልቆይ ወይስ ልሂድ?"

አንዲት ቃል ነበረች። ጥርሴ ላይ ደርሳ ነበር።

"መጀመሪያ አንተ ንገረኝ። ልቆይ ያልከው ለዋንጫው ነው?"

ሳሕኑን በጣቱ ገፋ አደረገ። "ለዋንጫው ነው ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር። መጫወትስ ትልልቆቹ ጋ ብጫወት ነበር ምኞቴ። ግን ማታ ማታ ብቻሽን ቁጭ ስትዪ ይታየኛል።"

እኔ እሱን ላለመጫን አፌን ይዤ፣ ለካ ዝምታዬ ነበር የከበደው። ስለዚህ ያለ የሌለውን አወጣሁት።

"ስማኝ። ትናፍቀኛለህ። ቤቱ ይከብደኛል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ አለቅስ ይሆናል። ይሄን እወቀው። ግን አክስቴ እንዳይከፋት ብለህ ጉልበትህን አንድ ዓመት እዚህ አታስቀጥቅጥ። ሂድ፣ ልጄ። ባርኔጣዋ ሳይሆን እኔ ነኝ ሂድ ያልኩህ።"

"ትምህርቱስ?"

"የቀረህን በጋ በጋ እየመጣህ ትጨርሳለህ። አልጨርስም ካልክ ይቺን ባርኔጣ አንተው አናት ላይ ነው የማስራት።"

ሦስተኛውን ሳሕን አመጣሁለት። ጠርጎ በላው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

ሜዳ መሃል ድረስ ክንዴን ይዞኝ ሄደ። ሣሩ እንዴት ለስላሳ ነው! ከላይ ሆኜ ስንት ዓመት አይቼው ረግጬው አላውቅም። ሄልሜቱን በአንድ እጁ፣ እኔን በአንድ እጁ። ነፋሱ ላባዎቼን ሊነቅል ነበር።

አንዳንዱ ያጨበጭባል፣ አንዳንዱ "አንድ ዓመት ብቻ!" ይላል። አልከፋኝም፤ የእኔ ልጅ ባይሆን እኔም እል ነበር።

ክሊዮፈስ ጀርባዬን አዞርበታለሁ ብሎ ምሎ ነበር። ቀና ብዬ ስፈልገው እውነትም ዞሯል። ዞሮ ዓይኑን በመሐረብ ይጠርጋል።

እሑድ፣ ኤፕሪል 11

ፋሲካ። ባርኔጣዬን አደረግኩ። ፓስተሩ ከመድረክ ላይ ሆነው አዩኝና፣ "እህት ኧርሊን፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሊሄድብን ነው?" አሉ። ምእመኑ በሳቅ ፈረሰ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 24

ተጠራ! ትልልቆቹ ክለቦች ከየኮሌጁ ልጆችን በየተራ ሲመርጡ፣ በሁለተኛው ዙር። ክለቡ ብርድ አገር ነው፤ ወፍራም ካፖርት ያስፈልገዋል። ስሙ በቴሌቪዥን ሲነበብ ከእኔ ቀድሞ የጮኸው ክሊዮፈስ ነው። "እኔ ድሮም ይሂድ ብዬ ነበር" ይላል። ላቮን ቢሰማው ጎድን አጥንት ነበር የሚወረውርበት።

እሑድ፣ ኦገስት 29

ባዶውን ቤት ፈርቼ ነበር። ይከብዳል፣ አልዋሽም። ግን ክሊዮፈስ "አንቺ አብስለሽ ሊደፋ ነው?" ብሎ መምጣት ጀምሯል። እሱም ብቻውን ነው። ሦስተኛ ሳሕን እምቢ አይልም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 18

ታቫሪስ ከሥራ እንደገባሁ ደወለ። ትናንት አሸንፈዋል፤ ስለሱ ልጠይቀው ስል ጊዜ አልሰጠኝም።

"እሱን ተዪው። ጃሬል ሊሄድ ነው የሚባለው እውነት ነው?"

ጃሬል የኮሌጃችን ኳስ አቀባይ ነው። ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ከዛፉ ሥር የተባላነው በሱ ነበር።

"ይባላል" አልኩት።

"ገና ሦስተኛ ዓመቱ ላይ? አንድ ዓመት ቢቆይ ዋንጫው የኛ ነው። ምን አስቸኮለው?"

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። የክሊዮፈስ ድምፅ መሰለኝ እኮ።

"ታቫሪስ... ማነህ እስቲ አንተ?"

ከዚያ ሳቁ መጣ፣ ጠረጴዛ እየደበደበ። እዚያ ብርድ አገርም ጠረጴዛ አላቸው ማለት ነው።

"አክስቴ ሙች፣ አሁን ነው ክሊዮፈስ የገባኝ" አለ። ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የጃሬል እናት ፖስታ ቤት ትመጣለች አይደል? እስቲ በዘዴ ጠይቂያት።"

"አልጠይቃትም" አልኩት። "እናትየዋን የሚጠይቃት መዓት ሰው አለ።"

እውነቴን ነው፣ አልጠይቃትም። ነገ ቴምብሯን እሰጣታለሁ፣ መልካም ቀን እላታለሁ። ኖቬምበር ሲገባ ግን አናቷ ላይ ምን እንዳደረገች አያለሁ።