ያጠፉት ጠፍቶ እንዳይቀር

እኔ፣ የሥራ ባልደረቦቼ «ሽማግሌው» የሚሉኝ የሶፍትዌር መሐንዲስ፣ ዛሬ ማክሰኞ መጋቢት 11 ቀን፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ፣ ሳንባዬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ከታች በሚፈርሙት ምስክሮች ፊት ቃሌን እሰጣለሁ። የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህርቷ ናት። ቶሎ ቶሎ በይ እህቴ፣ ትንፋሽ የለኝም።

ቤቱ ከነዕቃው ለልጄ ይሁን። መኪናውን ታናሽ ወንድሜ ይውሰድ፤ ድሮም ሲነዳ የኖረው እሱ፣ ሲያስጠግን የኖርሁት እኔ ነኝ። በዚህ የሚጣላ የለም።

የሚያጣላቸው እኔ፣ ልጄና ወንድሜ ሦስታችን የሠራነው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ የሕሙማንን የልብ ምትና ትንፋሽ ከየአልጋው እየለቀመ ለነርሶች ያሳያል። ለየሥራው «ተሰኪ» የምንላቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉት፤ ማንቂያውም አንዱ ተሰኪ ነው። አንዱ ሲበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ብዬ፣ የሆስፒታሉ ቴክኒሻን ፕሮግራሙን ሲያስነሳ በትእዛዙ መስመር ላይ «ያለ እገሌ» ብሎ የሚጽፍበትን አማራጭ አወጣሁ። ትእዛዙ የሚሠራው ለዚያች ጊዜ ብቻ ነበር፤ ፕሮግራሙ እንደገና ሲነሳ ሁሉም ይመለሳል።

እኔ ስታመም ቁልፉን፣ ማለትም ፕሮግራሙን መለወጥ የሚያስችለውን የይለፍ ቃል፣ ለወንድሜ ሰጠሁት። እሱም «በየማለዳው ስንቴ ይጻፋል? አንዴ ከተነገረው ያስታውስ እንጂ!» ብሎ የጠፋው እንደጠፋ እንዲቆይ አደረገው። ልጄ ብትቃወመው «ትናንት የተወለድሽ!» አላት። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈዋል።

ባለፈው ሳምንት ማንቂያው በከንቱ እየጮኸ ስላስቸገረ ቴክኒሻኑ ለአንድ ፈረቃ ብሎ አጠፋው። ፈረቃው ተቀየረ፣ ፕሮግራሙም እንደገና ተነሳ፤ ማንቂያው ግን አልተመለሰም። ከጎኔ የተኛው አናጺ ትንፋሹ ሲቋረጥ የሰማ የለም። ልጣራ ብል በየት ድምፄ! የአልጋዬን ብረት በኩባያ ደበደብሁ። ነርሷ ስትደርስ ሰውየው አልፎ ነበር።

ስለዚህ ፕሮግራሙ የሁለታቸው ይሁን፤ ቁልፉ ግን የልጄ ነው። የማጥፊያው ትእዛዝ ፕሮግራሙ አንዴ ለተነሳበት ጊዜ ብቻ ይሥራ። «ሁሉንም አጥፋ» የሚል አማራጭ ቢኖር እንኳ ማንቂያውን አይንካ። ማንቂያውን ማጥፋት የፈለገ ስሙን ለይቶ ይጻፍ፤ መጥፋቱም በነርሶች ስክሪን ላይ በቀይ ይታይ።

ኑዛዜ የሚጸናው ከሞት በኋላ መሆኑን አላጣሁትም። እኔ ደግሞ ገና አለሁ፤ የእኔንም ትንፋሽ የሚጠብቀው ይኸው ፕሮግራም ነው። ነርሷ «ማንቂያው በርቷል እኮ አባባ» ትለኛለች። ዛሬ በርቷል፤ ነገ ፈረቃ ሲቀየርስ? ወንድሜ፣ በዚህ ሆስፒታል ደረጃ ተሸክመህ ያወጣኸኝ አንተ ነህ፣ አልረሳሁትም። በእናታችን ይዤሃለሁ፣ እልህህን ተውና ቁልፉን ዛሬውኑ ስጣት። ፈርቻለሁ። ዓይኔን መክደን ፈርቻለሁ።

«ጥፋቱ የቴክኒሻኑ ነው» አለ ወንድሜ፣ አሁን በሁላችሁ ፊት። ይጻፍ። ዳግመኛ ለመንሁት። «ኑዛዜው የሚለው ስትሞት አይደል? ያኔ ትወስደዋለች» ብሎ በሩን ዘግቶ ወጣ። ይህም ይጻፍ፣ መምህርት።

ልጄ፣ አትከተዪው። ወንበር ሳቢና አጠገቤ ተቀመጪ። ካሸለብሁ እጅሽን ደረቴ ላይ አድርጊ።

ተናዛዡ፦ በአውራ ጣቱ ፈርሟል፤ ብዕር መያዝ አቅቶታል።

ይህ ቃል ሲነገር በጆሯችን ሰምተን፣ ተነቦለትም «አዎ» ሲል አይተን ፈርመናል፦
የክፍሉ ነርስ፣ ፊርማ
ልብስ ሰፊው ጎረቤት፣ ፊርማ
ጸሐፊዋ መምህርት፣ ፊርማ