ከሀረ ሸይጣን የመጣው ቀይ ድንጋይ

ቡታጅራ፣ ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን 2017

ዛሬ የእህቴን ልጅ ቤዛን ይዤ ሀረ ሸይጣን ሐይቅ ሄድኩ። ውሃ ዳር የሚኖሩ ሰዎችን የዕለት ኑሮ ፎቶ እያነሳች ነው። ከገደሉ አፋፍ የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ጋ አይደርስም ይባላል። “እስቲ ጋሼ ወርውር፣ ላንሳህ” አለችኝ። ጠርዙ የተሸረፈ ቀይ ድንጋይ አንስቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩ። ሲያርፍ አላየንም፤ ድምፁንም አልሰማንም።

እሷ ከታች ከብት የሚያጠጡትን ስታነሳ፣ እኔ አንድ ጥቁር ድንጋይ በያዝነው የመጠጥ ውሃ አርሼ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቅኩ። “ሐይቁ መለሰው” ብዬ ላስደነግጣት ነበር።

ቤት ስንገባ ጥቁሩን አገኘችው። “ጋሼ፣ አንተ መቼ ነው የምታድገው?” ብላ ሳቀች። እጇን መልሳ ከተተች። “ጭራሽ ሁለት አደረግከው?”

ሁለተኛው ቀይ ነው። ጠርዙ ተሸርፏል። ፎቶዋን አጉልቼ አየሁት፤ ያው ድንጋይ ከእጄ ወጥቶ አየር ላይ ነው።

ነገ ብቻዋን እስከ ውሃው ልትወርድ አስባለች። “ቀዩን እኔ አልከተትኩም፤ ነገ አትሂጂ” አልኳት። “እሺ ጋሼ፣ በጣም ፈራሁ” ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሳሞኛት ኖሬ ዛሬ እንዴት ትመነኝ?

ሁለቱንም መስኮቱ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ጥቁሩ ወዲያው ደረቀ። ቀዩ እስካሁን ውሃ ያንጠባጥባል።

የካሜራዋን ባትሪ ሰርቄ ኪሴ ከትቻለሁ። ጠዋት ስታጣው እንደ ልማዴ የቀለድኩ ይመስላታል። ይምሰላት።