ክብሪት እሳት ነው ወይ?

ሰኔ 8 ቀን 1962፣ ሰኞ

ጠላው ጥሩ ወጥቷል። ጌሾው ትንሽ በዝቶበታል... ጠጪ አይለየውም።

የሐዋርያት ጾም ዛሬ ገባ። ወንድሜ ይርዳውም ዛሬውኑ ገባ፤ አዲስ አበባ ለግንበኝነት ሄዶ ስንት ዓመቱ! ገንዘብ ይዞ የመጣ መስሎኝ ነበር። የያዘው መጽሐፍ ቅዱስና ከረጢት ሙሉ ስብከት ነው።

ከሰዓት ቤቱ በጠጪ በሞላበት፣ ከጎረቤት ወተት ለምኖ አመጣና ግጥም አደረገ። በጾም! "እግዚአብሔር ልቤን እንጂ ሆዴን አያይም" አላቸው። ሁሉም ጠላውን ጥሎ ወጣ። እግዚአብሔር ልቡን ይይለት... የኔን ጋን ማን ያየዋል?

ሰኔ 15

ንፋስ መውጫ ገበያ መሃል ቆሞ ሰበከ። "ጸረ ማርያም!" እያሉ በድንጋይ ፈነከቱት። ፖሊስ ደግሞ የተፈነከተውን አሰረ። እስር ቤት መዝሙር ሲያስተምር አድሮ፣ ዘበኛው እንቅልፍ አጣሁ ብሎ አስወጣው።

ቁስሉን በጨው ውሃ አጠብኩለት። አለቀስኩ። በንዴት ነው።

"አፍህን ብትይዝ ምን አለ?"

"ያገኘሁትን ብቻዬን ልብላ እቴ?"

ይሄ ልጅ ድሮ ቆሎ እንኳ ተደብቆ ነበር የሚበላው። ምን ነካው?

ሰኔ 21፣ ማርያም

ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዝ ገብረ መድኅን አወገዙት። የኔም የነፍስ አባት ናቸው። "እሳት ያስጫረው፣ ውሃ ያቀበለው፣ የአርዮስ ዕጣ ይድረሰው!" ሕዝቡ "ይድረሰው!" አለ። እኔስ ብያለሁ? ከንፈሬ የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል...

ይርዳው እንዳልቸገር ብሎ ጓሮ ካለችው አሮጌ ጎጆ ገባ።

ሰኔ 25

ዛሬስ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ይርዳው ክብሪት ሊገዛ ባለሱቁ ቸኮል ዘንድ ሄደ። ቸኮል ግራ ገባው። ክብሪት እሳት ነው ወይስ እንጨት? ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ። ካህናቱ ደጀ ሰላም ተቀምጠው እስኪርባቸው ተከራከሩ። "ካልተጫረ እንጨት ነው" አለ አሉ አንዱ ደብተራ። በመጨረሻ ምን ተባለ? ይሸጥለት፣ ግን እንዳይጭረው!

ሐምሌ 3

ዝናብ... ዝናብ። ጎጆዋ ታፈሳለች። ክብሪቱ ረጥቦ ቀረ። ይርዳው ጥሬ ሽምብራ እየቆረጠመ ያስላል። እኔ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ሳሉን እሰማለሁ። እናቴ ብታየኝ ምን ትለኝ ነበር?

ፍም በገል አድርጌ አጥሩ ሥር አስቀመጥኩ። አላስጫርኩትም። ረስቼው ነው። አርዮስ ምስክሬ ነው።

ሐምሌ 12

ቄሰ ገበዝ አስጠሩኝ። ከጎጆዋ ጭስ ሲወጣ አይተዋል።

"ፋንቱ፣ ለማርያም ሕዝብ ፊት ቆመሽ ወንድሜ አይደለም ብለሽ ማይ። አለዚያ ውግዘቱ ለአንቺም ነው። ጠላሽን የሚቀምስ የለም።"

"አባቴ፣ ሁለታችንንም ያጠመቁን እርስዎ አይደሉ?"

መቋሚያቸውን አንስተው ሄዱ።

ጠላ ቤቱ ከተዘጋ ምን እበላለሁ? ለይርዳው ነገርኩት። "ማይ እቴ፣ አልቀየምሽም" አለኝ። ምነው ተቆጥቶ በሰደበኝ...

ሐምሌ 21

ሄድኩ። ሕዝብ ፊት አቆሙኝ። "ማይ!" አሉኝ።

"ለጠጣው ወተት ጥፊ ይገባዋል" አልኩ። "እኔው እመታዋለሁ። ግን ወንድሜ ነው።"

ተወገዝኩ። ስመለስ ይርዳውን ዕቃህን አንሳና ና አልኩት። ሁለት የተወገዘ ሰው ለምን በሁለት ምድጃ እንጨት ይፈጃል?

ሐምሌ 25

ዝንብ እንኳ አልገባም። ይርዳው ማታ ማታ ይዘምራል። ሥራ ስለሌለኝ እሰማለሁ። አንዷ ዜማ አፌ ላይ ቀርታ ባዶ ጋን ሳጥብ አዜማታለሁ። ከዝምታው ትሻላለች ብዬ ነው። ብቻ... ደስ ትለኛለች።

ሐምሌ 28

ጎርፍ ከታች ሰፈር ገብቶ ምድጃውን ሁሉ አጥፍቷል። ከሰዓት በር ተንኳኳ። እትዬ ላቀች ናቸው፣ የቄሰ ገበዝ ሚስት! ገል በነጠላቸው ሸፍነው።

"እሳት አስጭሪኝ ልጄ። እሳቸው ብርድ መትቷቸው ተኝተዋል።"

"ውግዘቱስ እትዬ?"

"ለናንተ እንዳይሰጥ ነው እንጂ፣ ከናንተ እንዳይወሰድ አላሉም።"

በሰውየው ላይ የያዝኩትን ቂም ሁሉ አስታወስኩ። ይርዳው ግን ፍሙን እየመረጠ፣ የተሻለ የተሻለውን ከገሉ ሞላው፤ አመድ አለበሰላቸው።

ደጃፉ ላይ ቆም አሉ። "ያ በአጥራችሁ ሳልፍ የሚሰማኝ መዝሙር... ምን የሚል ነው?"

ይርዳው አፉን ሲከፍት ሳል ያዘው። ቢያስል ቢያስል አልተወው አለ። ሴትዮዋ ይጠብቃሉ። ፍሙ ይከስማል። ማን ይንገራቸው?

"ይቀመጡ" አልኳቸው። ገሉን ተቀብዬ ምድጃው ዳር አኖርኩና መዝሙሩን እኔው ጀመርኩላቸው።