ዕድሜዋን ስጠየቅ

ነሐሴ 20
ዝናቡ ጠዋት አባራ። ሰላማዊት የምትባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲው መጠይቅ ይዛ መጣች። የየሰፈሩን ገቢና ትምህርት ትመዘግባለች።
«እማማ፣ ስንተኛ ክፍል ደረሱ?»
«አልተማርኩም።»
አልጋው ላይ ያለውን መጽሐፍ አየች። «ታዲያ ይህን የሚያነበው አይጡ ነው?»
ሳቅሁ። ምን ልበላት? ልጄን ዓለሚቱን ከስድስተኛ ክፍል አስወጥቼ ስድራት፣ ትታው በሄደችው መጽሐፍ ነው ፊደል የቆጠርኩት... አልነገርኳትም።

ነሐሴ 21
የሰላማዊት ወሬ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እዚህ ደብረ ታቦር፣ ደመወዝተኛው ሰፈር፣ ዘጠነኛ ያልገባች ሴት ልጅ አላገኘችም። ጉና ሥር፣ ዓለሚቱ ያለችበት ቀበሌ፣ ከአርባ ቤት ዘጠነኛ የገቡት ሁለት ልጆች ብቻ። «ገብስና ድንች እንጂ የወር ገቢ የላቸው። ከተማ ለማስተማር የቤት ኪራይ አለ፣ በየሳምንቱ ስንቅ አለ...» አለች።
የአራት ሰዓት መንገድ እኮ ነው! እዚያ የሰደድኳት እኔ። ድሃ ስለነበርኩ ነው? ከእኔ የባሰባት ጎረቤቴ ልጇን አስተምራ የለ?

ነሐሴ 26
የዓለሚቱ ባል ባዩ ድንች በበቅሎ ጭኖ መጣ። ሳይቀመጥ ነገሩ ገባኝ።
«እናቴ፣ ትዝታን ለጥር ጠይቀውናል። ቀበሌው ዕድሜ አረጋግጡ ይላል። አስራ ስምንቷ ነው ብለው ይመስክሩልን።»
«የልጅ ልጄ አስራ አምስቷ ነው።»
«ለእናቷስ መስክረው አልነበር?»
እውነቱን ነው። ሽማግሌ ፊት ቆሜ፣ ምዬ...
«ስምንተኛን አልፋለች አሉ።»
«አልፋስ? በምን አቅሜ ከተማ ላኑራት?»
አልተቆጣም። ደክሞታል። ልጁን ይወዳል፤ የከፋውም ይኸው ነው።

ነሐሴ 29
ሁለቴ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሁለቴም ከደጁ ተመለስኩ። ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ልጀምር?

ጳጉሜን 2
ጉና ወጣሁ። የቀበሌው ጸሐፊ የትዝታን ዕድሜ ጠየቀኝ።
«አስራ አምስት» አልኩ። «እናቷን ስድርም ዋሽቻለሁ። አስራ አራት ነበረች።»
ባዩ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። ዓለሚቱ እመንገድ ላይ ደረሰችብኝ።
«ይህን ለመናገር አስራ ሰባት ዓመት ፈጀብሽ?»
«ትዝታን እኔ ጋ ላኪያት። ኪራይ አትከፍሉ፣ ስንቅ አትጭኑ።»
ወደ ቤቷ ተመለሰች።

መስከረም 9
ትዝታ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ተመዘገበች። ያመጣቻት ዓለሚቱ ናት። ባዩ አሁንም ስሜን አያነሳም አለችኝ። ግቢ ብላት አልገባችም፤ ውሃም አልጠጣችም። ደጃፍ ላይ ቆማ የልጅቱን ሻሽ አስተካከለች።
«ይህችንም እንዳትድሪያት» አለችኝ።
ሳቀች መሰለኝ... ፊቷን አዙራ ስለነበር አላየሁም።