በሐኪሙ ፊት ላይ የለጠፍኩት ጥቁር ምልክት

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? መርፌው ውስጥ ክር ራስዎ ያስገባሉ ወይስ አሁንም የልጅ ልጅዎን እየጠሩ ነው? የእግርዎ እብጠት ጎደለ? እማዬስ ወገቧን ተሻላት? እህቴና ልጆቿ፣ ጎረቤቱም ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልሆንኩም። እንዲያውም ዛሬ ከደስታዬ የተነሣ እየተቻኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ቢዘባረቅብዎት አይቆጡ።

በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር። ግን እርስዎና ስልክ መቼ ተስማምታችሁ ታውቃላችሁ? «ደህና ነኝ፣ በርቺ» ብለው ለእህቴ ያቀብሏታል። ደግሞም በስልክ የማይላክ ነገር አለኝ፤ ፖስታው ውስጥ ነው።

አባዬ፣ ዛሬ በፋብሪካችን ጉድ ነው የተሠራው። ያን ሦስት ዓመት ሙሉ ያሸግኩትን ብስኩት፣ ካርቶኑ ላይ ቀይ ልብና ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም ያለበትን፣ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምልክልዎትን፣ ከመጋዘን አውጥተው ጠረጴዛችን ላይ ከመሩት። ለአሥራ ሁለታችን አሻጊዎች አንዳንድ ጥቅል ተለጣፊ ሰጡን። የካፖርት ቁልፍ የሚያህል ጥቁር ክብ ነው፤ በላዩ በነጭ «ስኳር የበዛበት» ይላል። የአገሩ መንግሥት ሕግ አውጥቶ ነው፤ ይህ ምልክት ከፊት ለፊቱ ካልተለጠፈበት አንድም ካርቶን ገበያ አይወጣም። ታዲያ የት እንደለጠፍኩት ያውቃሉ? ሐኪሙ ፊት ላይ። አለቃችን መጥቶ ትንሽ ወደ ጥግ አድርጊው አለኝ። ሕጉ በግልጽ ይታይ ነው የሚለው ብዬው ሥራዬን ቀጠልኩ። አጠገቤ የምትሠራው፣ ለቁመቷ ቀጭኔ የምንላት ጓደኛዬ፣ በሳቅ ጥቅሉን ከእጇ ጣለችው። እስከ ምሳ ድረስ አራት መቶ ሐኪም ሸፈንኩ። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ደስ እያለኝ ሠርቼ አላውቅም።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስታዬ ኀፍረትም አለበት። አምና ኩባንያው ይህን ሕግ ለማስቀረት ያልገባበት ቀዳዳ አልነበረም። ባለሙያ እየቀጠረ፣ ሰው የሚታመመው ስኳር በልቶ ሳይሆን ስፖርት ስለማይሠራ ነው ያስብል ነበር። ለትምህርት ቤቶች ኳስና ማሊያ አደለ፤ ማሊያው ላይም ያንኑ ቀይ ልብ አተመበት። አለቃችንም ሕጉን የሚቃወም ወረቀት ይዞ በየጠረጴዛው ዞረና፣ ምልክቱ ከመጣ ብስኩት የሚገዛ ይጠፋል፣ እናንተም እንጀራችሁን ታጣላችሁ አለን። እኔ ደንግጬ ሳላነብ ፈረምኩ። ቀጭኔ ግን፣ እናቴን የቀበርኩት በስኳር በሽታ ነው ብላ ወረቀቱን መለሰችለት።

እኔን ያነቃኝ ከሁለት ሳምንት በፊት እህቴ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ነው። እያለቀሰች ነበር። ሐኪምዎ በደምዎ ያለው ስኳር ካልወረደ ዓይንዎ እንደሚጠፋ ነግሯታል። ዳቦ ትተዋል፣ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣሉ፣ ግን በየጠዋቱ የእኔን ብስኩት አራት አራት ይበላሉ አለችኝ። የልብ ሥዕል ስላለበት መድኃኒት መስሎዎት ነው። እኔም እኮ እንደዚያው መስሎኝ ነበር የምልከው።

በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ካርቶኑን ገለበጥኩት። ልጅ ሳለሁ ልብስ ልንገዛ ስንወጣ ገልብጠሽ ስፌቱን እዪ ይሉኝ አልነበር? ስንቱን ሸሚዝ ገልብጬ አይቻለሁ፤ ካርቶን መገልበጥ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በጀርባው፣ ዓይን በሚያስለቅስ ደቃቅ ፊደል፣ ከመቶው ሠላሳ ስምንቱ ስኳር መሆኑ ተጽፏል። ከቀጭኔ ጋር በአንድ ካርቶን ውስጥ ያለውን ያህል ስኳር መዝነን ብርጭቆ ውስጥ ብንገለብጠው እስከ ግማሹ ደረሰ።  የልብስ ሰፊ ዓይን የሚያጠፋውን ነገር በገዛ እጄ አሽጌ፣ በገዛ እጄ ልኬልዎታለሁ።

ወዲያው ለእህቴ ደውዬ ሰብስቢና ጣዪው አልኳት። እርስዎ ግን ልጄ የላከችልኝን ማንም አይነካብኝም ብለው በስፌት መኪናዎ መሳቢያ ቆለፉበት አሉ። ስሰማ ሳቄም ዕንባዬም እኩል መጣ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እህቴ በእኔ ጥፋት ከእርስዎ ጋር ስለተጣላች ይቅር ትበለኝ፤ መሳቢያውንም እንዳትሰብረው አደራ። ክር አስገቢዋን የልጅ ልጅዎን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ በቅርቡ ከሥራዋ እንደምናሰናብታት ይንገሯት። ለጎረቤቶቻችን፣ በተለይ ብስኩቱን ለቀመሱት፣ ሰላምታዬን ከይቅርታ ጋር ያድርሱልኝ።

አሁን ፖስታውን ያራግፉት። ከጥቅሌ የመጨረሻዋ ተለጣፊ ናት፤ አለቃዬን አስፈቅጄ አስቀረኋት። መሳቢያውን ይክፈቱና በራስዎ እጅ ሐኪሙ ፊት ላይ ይለጥፉልኝ። ልጄ የላከችውን አልጥልም ብለዋል አሉ፤ እሺ አባዬ፣ ይኸው፣ ይህንንም የላክሁልዎት እኔ ነኝ።

የምትወድዎት ልጅዎ

ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከቀጭኔ ጋር ከተከራየነው ክፍል
ኅዳር ፲፪ ቀን