ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ታደሰ ዛሬም ከአልጋ አልወረደም። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ልብስ የሚሰፋባት ክፍል ከፈረሰች ወዲህ ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ ጠበልም ወስጄዋለሁ። የሚመጣው ሰው ሁሉ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ» ብሎት ይሄዳል። እኔንም ሰልችቶኛል።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ንፍሮ በሳህን ይዘው ገቡ። ደነገጥኩ።

«ማን ሞተ?» አልኳቸው።

«ማንም። ሀዘን የገባበት ቤት ግን ይደረሳል» አሉና አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሌላ ነገር አልተናገሩም። ምክር የለ፣ ተግሣጽ የለ።  ታደሰ ዞር ብሎ አያቸው። ለቅሶ ደራሽ መሬት ተቀምጦ እሱ መተኛቱ ነውር ሆነበት መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ተነሳና ተቀመጠ። ከንፍሮው ዘገነ። ከዚያ አለቀሰ። እናቱ የሞቱ ጊዜ እንኳ እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም። እሳቸው ቀና ብለውም አላዩት። ሲበቃው «እግዜር ያጥናህ» ብለው ተነሱ። እሱ ራሱ እስከ በር ሸኛቸው።

ከእትዬ ብርቄ ጉሊት ጎመን ስገዛ ስንት ዓመቴ። ይህን ብልሃት ከየት እንዳመጡት እንጃ። እኔ አብሬው እየኖርኩ ያልታየኝ እሳቸው በምን ታያቸው?

እራት ላይ ታደሰ «ነገስ ማን ይመጣል?» ብሎ ጠየቀኝ።  ነገ ሲል ከሰማሁት ቆይቻለሁ።