የጣውንቴ ልጆች

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ሽማግሌው ባሌ ከአልጋው ተጣራ... ውሃ ጠምቶት መስሎኝ ሮጬ ብሄድ፣ "እኔን ተይኝ፣ እሷን ርጫት!" እሷ ማለት መስታወት ሳጥን ውስጥ ከወንዱ ጋር የተለጠፈችው የዛፍ እንቁራሪት። ቆዳዋ ነው ውሃ የሚጠጣላት። ጣውንት መጣችብኝ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ! ቀኑን ሙሉ እግሯን ሰብስባ፣ ቅጠል መስላ ትተኛለች። እኔ እንዲህ ብተኛ ማን ያበስላል?
እህቱ ልትጠይቀው መጥታ ነበር። ስትወጣ እንደ ልማዷ በሩን ደርግማው ሄደች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5
ወለደች! ከውሃው በላይ ባለው ቅጠል ላይ፣ ዝልግልግ ብሎ የተጣበቀ እንቁላል... ሽማግሌው አልጋውን አስጠጊልኝ አለ።
"ሲጠነክሩ ራሳቸው ወጥተው ውሃው ውስጥ ይወድቃሉ። ከደረቁ ግን አለቀላቸው።" ቀጥሎ፣ "እስኪወድቁ ልቆይ..."
ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7
ሐኪሙ በር ላይ አንሾካሾከልኝ። ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ነገም...
ቅጠሉን ባወዛውዘውስ? ወጣት ሳለ ለጥናት በከረመበት፣ ዝናብ በማያባራበት ደን ውስጥ፣ እባብ እንቁላሎቹን ሊበላ ሲመጣ ንዝረቱ ይሰማቸውና ከቀናቸው ቀድመው ይወድቃሉ ብሎኛል። እጄን ስሰድ አየኝ።
"ተይ አንቺ! ያለ ቀናቸው የወጡ ደካሞች ናቸው። ቀናቸውን ይሙሉ።"
አንተስ? ልለው አልኩና ዋጥኩት።

እሑድ፣ ሰኔ 8
ሽማግሌው አልበላም። እነሱን ረጨሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ሰኞ፣ ሰኔ 9
ትንፋሹ አጠረ። አምቡላንስ ጠራሁ። ቃሬዛ የያዙት ሰዎች ሲታጠፉ የሳጥኑን ጠረጴዛ ገጩት። ቅጠሉ ተንቀጠቀጠ... ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እባብ የመጣ መስሏቸው!
"ወደቁ!" ብዬ ጮህኩ።
አንገቱን ሊያዞር ሞከረ፣ አቃተው። "ቅጠሉ ላይ... የቀረ አለ?"
"አንድም!"
ዓይኑን ጨፈነ። አላየም። ሲወድቁ ግን ሰምቷል... ሰምቷል አይደል?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21
ከቀብሩ ወዲህ ቤቱ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ዛሬ ጭር አለ። እህቱ የመጨረሻዋ ነበረች። በሩን ልትደረግመው ስትል ሮጬ ያዝኩት።
"ምነው?"
"ቀስ በይ እትዬ፣ ልጆች አሉ።"
አየችኝ። አበደች ብላ ይሆናል... ትበል። የእነዚያ ጭራቸው ረዝሞ ውሃው ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ጣውንቴ ደግሞ ቅጠሉ ላይ እንደገና ወልዳለች።
እነዚህ እንኳ ቀናቸውን ይሙሉ።